የሃያ ሦስተኛው ሕንፃ መውጫ

ስልክ ተደውሎ እኔን ሲጠይቁት የአባቴ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ቁጭ ብላለች» ይላል። ልብ በሉ፣ «ሥራ ላይ ናት» አይልም። «የለችም» ብሎም አይዋሽም። ቁጭ ብላለች፣ በቃ። እውነቱን ለመናገር፣ ቁጭ ብያለሁ። ድሮ እናቴ ልብስ ትተኩስበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሬን ከፍቼ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጨዋታ እሠራለሁ። በዚያች ቃል ውስጥ ያለውን ነገር ግን እኔም አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀዋል፣ በየሳምንቱ የምትደውለው አክስቴም አሳምራ ታውቀዋለች።

ከዓመት ከአራት ወር በፊት የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። የሰው መታጠቢያ ቤት በር ወደ ውስጥ ይከፈት ወይስ ወደ ውጭ እያልኩ ስድስት ዓመት ከሳልኩ በኋላ፣ አንድ ቀን በቃኝ ብዬ ወጣሁ። ትንንሽ የኮምፒውተር ጨዋታ፣ አእምሮ የሚያሠራ እንቆቅልሽ እሠራለሁ አልኩ። አባቴ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ጨዋታ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን ገና ያን ቀን እንደሰማ ሰው። ከዚያ ሻዩን ጠጣ።

እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ጎረቤቱ ሁሉ ጋሽ ሊፍት እያለ ነው የሚጠራው። ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ የሕንፃችንን ሊፍት ድምፅ ያዳምጥና «የሦስተኛው ፎቅ በር ጎማው አልቋል» ይላል። ሄደው ሲያዩት እውነትም አልቋል። ለእሱ ሥራ ማለት ሲበላሽ ሰው የሚጮህበት ነገር ነው። የእኔ ጨዋታ ቢበላሽ ማን ይጮሃል? አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ስለ እኔ ሲያወራ «ሥራ» የምትለዋን ቃል ከአፉ ብሰማ ብዬ ስመኝ ዓመት አለፈኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

የሚገርመው፣ የጨዋታው ሐሳብ የመጣው ከራሱ ከአባቴ ነው። እናቴ ቤት ስትወለውል እሱ የግድ በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር ይረሳል። መነጽሩን ወይ ጋዜጣውን ፍለጋ እርጥቡን ወለል ከነጫማው ረግጦ ያልፋል። እናቴ መወልወያዋን እንደያዘች «እርጥብ ነው! እርጥብ ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ!» ትላለች። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ሰምቷት አያውቅም። አንድ ጠዋት ሁለቱን እያየሁ ስስቅ ነገሩ ብልጭ አለልኝ።

የጨዋታው ስም «እርጥብ ነው!» ነው። አንዲት ወፈር ያለች፣ ነገረኛ የምትመስል የጽዳት ሠራተኛ ባልዲና መወልወያ ይዛ በሕንፃው በር ትገባለች። ፎቆቹን የሚያገናኙ ብዙ ደረጃዎች አሉ፤ አንዳንዱ በውስጥ የሚወጣ፣ አንዳንዱ በውጭ በኩል የሚዞር። ሥራዋ ሁሉንም ደረጃ ወልውላ በገባችበት በር መውጣት ነው። የወለወለችውን ግን ተመልሳ መርገጥ አትችልም። ልርገጥ ካለች ራሷ በራሷ ላይ ትጮሃለች። ይኸው ነው። ሃያ አራት ሕንፃዎች አሉት፣ እየቆየ እየከበደ ይሄዳል። ሥዕሉም ኮዱም የእኔ ነው። ድምፁን የሠራው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጸጥታው ነው። ትክክለኛ ስሙ አይደለም፤ አፉ አርፎ ስለማያውቅ ያወጣንለት ነው።

ጨዋታው በወጣ ዕለት በአባቴ ታብሌት ላይ ጫንኩት። ለእሱ ብዬ እንዳይመስላችሁ። እናቴ «እኔን ነው አሉ የሳልሽው፣ እስቲ ልየው» ስላለች ነው። ሦስት ሕንፃ ተጫወተችና «ሰውነቴ እስኪዝል የወለወልኩት አንሶ ደግሞ እዚህም?» ብላ ተወችው። በማግስቱ ጠዋት ከመኝታ ቤቴ ስወጣ አባቴ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ አምስተኛው ሕንፃ ላይ ነበር።

ልቤ ዘለለ።  እሱ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ ሻዬን ይዤ ወደ ጠረጴዛዬ፣ እሱ በሶፋው ላይ፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ዋልን። ከጀርባዬ በየደቂቃው የሴትየዋ ጩኸት ይሰማል፤ «እርጥብ ነው!» እናቴ ከወጥ ቤት «እሷን እንኳ አይሰማትም!» ትላለች።

በሦስተኛው ቀን ባለመስመር ደብተር አወጣ። ይህን ደብተር ማወቅ አለባችሁ። በየሊፍቱ የሞተር ክፍል ውስጥ፣ ከላይ ጣሪያው ሥር፣ በገመድ የተንጠለጠለ ደብተር አለ። ሊፍቱን የነካ ሁሉ ይጽፍበታል፤ ቀኑን፣ የተበላሸውን፣ የተደረገውን፣ በመጨረሻም የነካውን ሰው። አባቴ ያለ ደብተር ምንም ነገር አይነካም። ቤታችን ውስጥ የውሃ ቧንቧው፣ ምድጃው፣ የእናቴ መስፊያ መኪና ሳይቀር ደብተር አላቸው። አሁን ደግሞ «እርጥብ ነው!» ደብተር ወጣለት። በእርሳስ እያንዳንዱን ሕንፃ ይስላል፣ የሄደበትን ይቆጥራል፣ የፈታበትን ቀን ይጽፋል። እኔ በአጠገቡ ሳልፍ አንገቴን ሰገግ አድርጌ አያለሁ። የሳልኳቸውን ሕንፃዎች በአባቴ እጅ ተስለው ሳያቸው እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም።

በቤታችን አንድ ሕግ አለ። እንቆቅልሽ የያዘ ሰው መልስ አይነገረውም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነው። የነገረ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሳህን ያጥባል። ስለዚህ አባቴ አንድም ነገር አልጠየቀኝም፣ እኔም አንድም ነገር አላልኩም። በሰባተኛው ቀን ሃያ ሦስተኛው ሕንፃ ላይ ደረሰ። በስምንተኛውም እዚያው ነበር። በዘጠነኛውም።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ከኮምፒውተሬ ጋር መኝታ ቤቴ ሳለሁ፣ ጸጥታው ደወለ።

«ሃያ ሦስተኛው አይፈታም የሚል ሰው ጽፎልናል» አለ።

«ሰነፍ ነዋ!»

«እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። አሁን ግን አሥራ አንድ ሆኑ። አሥራ አንድ ሰነፍ ባንድ ሳምንት ከየት ይመጣል? አንቺ ራስሽ ፈትተሽዋል አይደል?»

«እንዴ! ፈትቼዋለሁ እንጂ» ብዬ ዘጋሁበት። ከዚያ ሕንፃውን ከፍቼ ሳየው ጥፋቴን አወቅሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሠራ የምጠቀምባት አንዲት ቁልፍ አለች። መንፈስ እላታለሁ። እሷን ስጫን ሴትየዋ እርጥብ ደረጃ ላይ እንዳሻት ትረማመዳለች፣ ምክንያቱም ሥዕሉ ልክ መሆኑን ለማየት ብቻ ሁሌ ከበር ጀምሮ መወልወል ያስመርራል። ጨዋታው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ሃያ ሦስተኛውን ሕንፃ አየሁና በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል በውጭ በኩል የሚዞረው ደረጃ ዓይኔን ቆረቆረኝ። ከጀርባው አበባ ያለበት መስኮት ስዬ ነበር፣ ቆንጆ መስኮት፣ ደረጃው ሸፈነብኝ። አነሳሁት። ከዚያ በመንፈስ ቁልፍ ከላይ እስከ ታች ሮጥኩበት፣ አማረልኝ፣ አወጣሁት። በደንቡ ከበር እስከ በር አንድ ጊዜ እንኳ አልሞከርኩትም። ስድስት ዓመት ሕንፃ የነደፍኩ ሰው፣ ለአንድ የአበባ መስኮት ብዬ ሰው መውጫ የሌለው ሕንፃ ውስጥ ቆለፍኩ።

ደረጃውን መመለስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። መለስኩት፣ ላክሁት፣ ከሥሩም ሁሉም እንደሚጽፈው «አነስተኛ ማስተካከያዎች ተደርገዋል» ብዬ ጻፍኩ። ከሰዓት በፊት በዓለም ላይ «እርጥብ ነው!»ን የሚጫወት ሁሉ መውጫ አገኘ። ከአንድ ሰው በቀር። የአባቴ ታብሌት አፕዴት አያደርግም። የሚሠራ ነገር አይነካም ባይ ነው፤ ኢንተርኔቱን የሚከፍተው የአየር ሁኔታ ለማየት ብቻ ነው፣ አይቶ ወዲያው ይዘጋዋል።

ሄደሽ ብትነግሪው ምን ነበር ትሉኝ ይሆናል። እኔም ተነስቼ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ግን እናቴ ስታወራው ሰማሁ።

«አንተ ሰው፣ ዓይንህ ጠፋ እኮ። ምናልባት የተበላሸ ይሆናል፣ ተወው።»

«አይደለም» አለ አባቴ። «ሳትፈትሽ አታወጣውም። መውጫ አለው። እኔ ነኝ ያላየሁት።»

እግሬ እዚያው ቀረ። በዓመት ከአራት ወር ውስጥ ስለ እኔ የተናገረው መልካም ነገር ይህ ብቻ ነው፣ እሱም ውሸት ሆኖ ተገኘ። አሁን ገብቼ «አባዬ፣ አልፈተሽኩም» ልበለው? እጄን በአፌ ጭኜ ተመለስኩ። ታብሌቱን በድብቅ አድሳለሁ፣ መውጫውን ያገኛል፣ ደስ ይለዋል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ጥሩ ዕቅድ መሰለኝ። ሲሰርቁ ሁሉም ዕቅድ ጥሩ ይመስላል።

ታብሌቱን ከእጁ ማስለቀቅ ግን ሕፃን ከጡት ከመለየት ይብስ ነበር። «አባዬ፣ መስታወቱን ልወልውልልህ?» አልኩት። እጅጌው ላይ ጠረገውና ቀጠለ። «ባትሪው እያለቀ ነው፣ እኔ ጋ ልሰካልህ?» ገመዱን ሶፋው ድረስ ስቦ ሰካው። በመጨረሻ ለእናቴ ሹክ አልኳት። እናቴ ምክንያቱን እንኳ ሳትጠይቅ «አንተ፣ ፀጉርህ ጆሮህን ሊሸፍን ነው፣ ተነስ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሂድ፣ ካልሄድክ እኔ እቆርጠዋለሁ» አለችው። መቀሷን ያውቃታል። ብድግ ብሎ ወጣ።

በሩ ሳይዘጋ ታብሌቱ ላይ ተወረወርኩ። ኢንተርኔት ከፈትኩ፣ አደስኩ፣ ዘጋሁ፣ በነበረበት ማዕዘን ትራሱ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። መነጽሩን ሳይቀር እንደነበረው አጣጥፌ ከላዩ አኖርኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ ተስተካክሎ መጣ። ጫማውን አወለቀ። ተቀመጠ። ታብሌቱን አበራ። የሴትየዋን የመግቢያ ዜማ ሰማሁ፤ ትንሽ ቆየ። ምንም ድምፅ የለም። መወልወል አልጀመረችም።

«ይህቺ ደረጃ ጠዋት እዚህ አልነበረችም» አለ።

«የትኛዋ?» አልኩ። ዞር እንኳ አላልኩም። በራሴ ድምፅ ራሴ አፈርኩ።

«ነይ።»

ሄድኩ። ደብተሩን ገልጦ ወደ እኔ አዞረው። ሃያ ሦስተኛው ሕንፃ በሦስት ገጽ ላይ ተስሏል። አራተኛውና አምስተኛው ፎቅ በቀይ ተከብበዋል፣ ከአጠገባቸውም ሦስት፣ ሦስት ተብሎ ተጽፏል።

«አንድ ፎቅ ላይ በአንዱ ደረጃ ትገባለች፣ በሌላው ትወጣለች» አለ፣ እርሳሱን እያስኬደ። «ስለዚህ ደረጃው ጥንድ ጥንድ መሆን አለበት። እነዚህ ሁለቱ ሦስት ሦስት ናቸው። በሦስተኛው የገባች እዚያው ትቀራለች። አንድ የጎደለ ደረጃ አለ፣ ያውም በእነዚህ በሁለቱ መካከል። የደረስኩበት ፀጉሬን ልቆረጥ ልወጣ ስል ነው። ከፀጉር ቤት ስመለስ ልነግርሽ ነበር። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደምነግርሽ ሳስብ ነው የመጣሁት።»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁት ግን ቁጣ አልነበረም። ብልሽት ማግኘት ለአባቴ ደስታው ነው። ሦስት ቀን ለፍቶ ያገኛትን ብልሽት እኔ ፀጉሩን እስኪቆረጥ ጠብቄ ሰረቅሁበት። 

«አባዬ፣ አልፈተሽኩትም» አልኩት። «ደረጃው ሥዕሌን ሸፈነብኝ፣ አነሳሁት፣ እርጥብ በማያግዳት የመንፈስ ቁልፌ ብቻ አይቼ፣ በደንቡ ሳልሞክር አወጣሁት። ሳትፈትሽ አታወጣውም ስትል ሰማሁህና ልነግርህ አፈርኩ።»

 «ለሌሎቹ ተጫዋቾችስ ምን አልሻቸው?» አለ።

«አነስተኛ ማስተካከያዎች ተደርገዋል።»

«አነስተኛ!» አሁን ነው የጮኸው። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ሰው ሊፍት ውስጥ ተቆልፎ ሲያድር አነስተኛ ብለን ነው የምንጽፈው? መሳሳትማ ሁሉም ይሳሳታል። እኔ አንዴ የአንድ ሆስፒታል ሊፍት ወደ ላይ ሲሉት ወደ ታች እንዲሄድ አድርጌ ገጥሜያለሁ። ግን ጻፍኩት! ስሜን ጻፍኩ! ከእኔ በኋላ የመጣው ሰው ምን እንደተነካ፣ ማን እንደነካው ካላወቀ በምን ያምነዋል?»

«ወደ ታች?» አለች እናቴ። «ይህን አልነገርከኝም።»

«ደብተሩ ላይ አለ» አለ አባቴ።

እርሳሱን ዘረጋልኝ። ወሰድኩት። ቀኑን ጻፍኩ። ችግሩ በሚለው ሥር፣ «ሃያ ሦስተኛው ሕንፃ መውጫ አልነበረውም። መስኮት ለማሳመር ብዬ ደረጃ አንስቼ፣ ሳልፈትሽ አወጣሁት» ብዬ ጻፍኩ። የነካው በሚለው ሥር እኔ ብዬ ልጽፍ ስል ቦታው ላይ ጣቱን አስቀምጦ ከለከለኝ። ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ ያንኑ ቃል በቃል ለተጫዋቾቹ ሁሉ ላክሁ። ጸጥታው ወዲያው ደውሎ «አብደሻል?» አለኝ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ደወለና «ሰዎቹ ወደዱት እኮ፣ አንዱ ለደረጃው የመታሰቢያ ሥዕል ስሎ ልኳል» አለኝ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን ከሶፋው ተነስቶ ቦታውን በእጁ መታ መታ አደረገ።

«ተሳፈሪ።»

«ምን?»

«የጠገነ ሰው መጀመሪያ ይሳፈራል። ብቻውን። ከታች እስከ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ ነው ሌላ ሰው የሚገባው። አርባ ዓመት እንደዚያ ነው የሠራሁት።» ታብሌቱን ጭኔ ላይ አኖረው። «ያቺ የመንፈስ ምናምንሽ እዚህ አለች?»

«እዚህ የለችም።»

«ጎሽ።»

ሕንፃውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ያለ መንፈስ ቁልፍ ግን ገብቼበት አላውቅም። በበሩ ገባሁ፣ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ያለውን ደረጃ ወለወልኩ፣ በኩራት ወደ ስድስተኛው ወጣሁ፣ ከዚያ ተቀረቀርኩ። «እርጥብ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ፣ በራሴ እጅ የሳልኳት ሴትዮ። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ተቀረቀርኩ። አባቴ ትንሿን ወንበር ስቦ ከአጠገቤ ተቀመጠ። መልሱን ያውቀዋል፣ ስለማወቁ ምንም አልጠራጠርም፤ ከደረጃዋ ጋር አንዴ በዓይኑ ሄዶበታል። አፉ ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ይነክሳል። ጣቱ ወደ ስክሪኑ ሊሄድ ሲል ሁለቱን እጆቹን ከጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ሳህን የሚያጥብ አገኘሁ መሰለኝ» አለች።

ሦስተኛ ሙከራዬ ላይ ነበርኩ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፎቆች ጨርሼ፣ ስልኩ ሲጮህ። አባቴ አንድ እጁን ከጭኑ ሥር አውጥቶ አነሳው። የአክስቴ ድምፅ ከስልኩ ውጭ ይሰማል፤ ስልክ የምታወራው መንገድ ተሻግራ እንደምትጣራ ሰው ነው። ደኅንነቱን ጠየቀች፣ ጉልበቱን ጠየቀች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ እኔን ጠየቀች።

«ያቺ ልጅ የት አለች? አሁንም ቁጭ ብላለች?»

አባቴ አየኝ። ሴትየዋ አራተኛው ፎቅ ሥር ባልዲዋን ይዛ ቆማለች። 

«ሥራ ላይ ናት» አለ።

አክስቴ የባሰ ጮኸች። «የምን ሥራ?»

«ሥራ ነዋ! ሕንፃ እየፈተሸች ነው። ማቋረጥ አትችልም፣ ኋላ ደውይ» ብሎ ዘጋው።

ስክሪኑ ደበዘዘብኝ። በእጄ ጀርባ ዓይኔን ጠርጌ ቀና አልኩና አየሁት። እሱ ግን እኔን አያይም ነበር። እጁን እንደገና ጭኑ ሥር አስገብቶ አገጩን ወደ ታብሌቱ ቀሰረ።

«እኔን ምን ታያለሽ?» አለ። «አራተኛው ፎቅ ገና ነው።»